ፊልሙ ቀርቷል፤ ሥራው ግን ይቀጥላል

የለመዳችሁት መሣሪያ ከገበያ ሲጠፋ ችሎታችሁም አብሮት የጠፋ ይመስላችኋል? እንግዲያው የፊልም ፎቶግራፍ አንሺዎችን ታሪክ ስሙ።

ኮዳክሮም የተባለው የቀለም ፊልም እ.ኤ.አ. በ1935 ገበያ ላይ ውሎ በ2009 ምርቱ ቆመ። ጣጣው በዚህ አላበቃም። የኮዳክሮም ቀለም የሚወጣው ፊልሙ ሲታጠብ በሚጨመሩ ኬሚካሎች ስለሆነ ማንኛውም ፎቶ ቤት ሊያጥበው አይችልም። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በፓርሰንስ ከተማ የነበረው የመጨረሻው አጣቢ በ2010 ማብቂያ ላይ ፊልም መቀበል ሲያቆም፣ በየፍሪጁ ተቆጥቦ የቆየ ጥቅል ሁሉ ቀለሙን የሚያወጣለት አጣ። ሥራቸውን በዚያ ፊልም ላይ የገነቡ ባለሙያዎች ምን አደረጉ?

ፎቶግራፍ አንሺውን ስቲቭ መከሪን ተመልከቱ። «የአፍጋኒስታን ልጃገረድ» የተባለውን ዝነኛ ፎቶ በ1984 ያነሳው በኮዳክሮም ነበር። ምርቱ ሲቆም ከፋብሪካው የወጣውን የመጨረሻ ጥቅል ጠይቆ ተቀበለ። 36 ፎቶ ብቻ! ጥቅሉን ይዞ ኒውዮርክንና ህንድን ዞረ፤ እያንዳንዷን ፎቶ አስቦና መርጦ አነሳ፤ ከዚያም ራሱ ፓርሰንስ ድረስ ወስዶ አሳጠበ። ከዚያ በኋላም በዲጂታል ካሜራ ሥራውን ቀጠለ። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፤ የምንወደውን በክብር ሸኝተን ለሚመጣው መዘጋጀት ግን እንችላለን።

ዝግጅቱም በተግባር የሚሠራ ነው። አዲስ ፊልም ስትጀምሩ አንዱን ጥቅል ለመማሪያ መድቡት። አንዱን ቦታ ብርሃኑን በግማሽ ደረጃ እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ ደጋግማችሁ አንሱ፣ ያደረጋችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ታጥቦ ሲመጣ አስተያዩ። ኮዳክሮምን የመሰለ ስላይድ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ምሕረት የለውም፤ አንዴ የነጣውን ቦታ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ በስላይድ የሠራ ሰው ብርሃንን በጥንቃቄ መለካት ለምዷል። ይህ ልማድ የየትኛውም ፋብሪካ ንብረት አይደለም፤ ወደየትኛውም ፊልም፣ ወደየትኛውም ካሜራ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ! የተቋረጠም አንዳንዴ ይመለሳል፤ በ2012 ምርቱ እንደሚቆም የተነገረለት ሌላው የስላይድ ፊልም፣ ኤክታክሮም፣ በ2018 እንደገና ገበያ ላይ ውሏል። ዕድሉ ሲመጣ እጃችሁ ሳይዶለዱም ይጠብቀው።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለ ሀብት አለ፤ አሮጌዎቹ ስላይዶቻችሁ። ፎቶግራፍ አንሺው ሶል ላይተር ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኒውዮርክን ጎዳናዎች በቀለም ስላይድ ያነሳ ነበር፤ ጊዜው ያለፈበት ርካሽ ፊልምም ይጠቀም ነበር። ከእነዚህ ፎቶዎች አብዛኞቹ ለአሥርት ዓመታት ለሕዝብ ሳይታዩ ቆዩ። የተወሰኑት በ2006 «ኧርሊ ከለር» በተባለው መጽሐፍ ሲወጡ እርሱ 80 ዓመት አልፎት ነበር፤ ዛሬ ከቀለም ፎቶግራፍ ታላላቆች ተርታ ይቆጠራል። ሥራው ጊዜ አላለፈበትም። የእናንተም ላያልፍበት ይችላል!

ስለዚህ ስላይዶቻችሁን አውጡ። በጠርዛቸው ያዟቸው፣ ነጭ ብርሃን ላይ ደርድሯቸው። ያኔ የወደዳችኋቸውን እለፉና የዘለላችኋቸውን መርምሩ፤ የዛሬ ዓይናችሁ ያኔ ያላየውን ያያል። መደብዘዝ የጀመሩትን አስቀድማችሁ ስካን አድርጉ፤ ዋናዎቹን ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ መልሱ። ኮዳክሮም በጨለማ ቀለሙን ለአሥርት ዓመታት ይዞ ይቆያል፤ በፕሮጀክተር ብርሃን ግን ይደበዝዛል። ለሰው ደጋግማችሁ የምታሳዩት ቅጂውን ይሁን።

ከዚያ ምርጦቹን ይዛችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ብርሃኑ ከየት ነበር የመጣው? ለምን እዚያ ቆምኩ? መልሱን ዛሬ በምታገኙት ፊልም ላይ ሞክሩት። ያኔ ያነሳችሁት የዛሬ መምህራችሁ ነው፤ የዛሬውም የነገ መምህራችሁ ይሆናል። ካሜራችሁን አንሱና ዛሬውኑ ጀምሩ!