የተሳሳተው ሚዛን ኮምፒዩተር ውስጥ ሲሆን

ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ ባቄላ ገዝቶ አዲስ አበባ የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ ሂሳቡን በኮምፒዩተር ይዟል እንበል። 40 ኩንታል በ8,000 ብር ሂሳብ ገዝቶ 320,000 ብር ከፈለ። ሳምንት ሳይሞላ 500 ኪሎውን በኪሎ 90 ብር ሸጠ። ሪፖርቱ ሲወጣ ግን መጋዘኑ 460 ኪሎ ጎድሎበታል፤ ሽያጩም ከባድ ኪሳራ ነው ይላል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የመጋዘን ሠራተኛው ይሆናል።

ሌባ ግን የለም። ፕሮግራሙ ግዢን በኩንታል፣ ሽያጭን በኪሎ እንዲቀበል ሲዘጋጅ፣ አንድ ኩንታል ስንት ኪሎ እንደሆነ በሚጠይቀው ቦታ 100 መሞላት ሲገባው 1 ተሞልቷል። ስለዚህ 40 ኩንታሉ 40 ኪሎ ሆኖ ገባ። የኪሎው መግዣ ዋጋም 80 ብር መሆኑ ቀርቶ 8,000 ብር ሆነ።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚቸኩሉት የጎደለውን 3,960 ኪሎ በእጅ ጨምሮ ቁጥሩን ማስተካከል ነው። ይህ ጉዳቱን ያብሳል። ፕሮግራሙ ጭማሪውንም በ8,000 ብር ከተመነው፣ በ320,000 ብር የተገዛው ባቄላ በመዝገብ 32 ሚሊዮን ብር ያወጣል። በዚህ መዝገብ ብድር የሚጠይቅ ወይም ግብር የሚያሳውቅ ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ቀጣዩ ጭነት ሲመጣም ስህተቱ ይደገማል።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የመዝገቡን ቅጂ ማስቀመጥ፤ ቁጥር አለመነካካት። ቀጥሎ አንድ ደረሰኝ መርጦ ከሚዛን ወረቀቱ እስከ ሪፖርቱ ደረጃ በደረጃ መከተል። ቁጥሩ መጀመሪያ የተለወጠበት ቦታ የስህተቱ መግቢያ ነው። ከዚያም የእቃውን መግለጫ ማን፣ መቼ እንደሞላው ማየት ያስፈልጋል። እርማቱን በቅጂው ላይ ሞክሮ ካረጋገጡ በኋላ በዋናው ላይ መሥራት ይቻላል። መለኪያውን ማረም ብቻውን ግን ያለፈውን ላያስተካክል ስለሚችል፣ በስህተት የገባውን ሰነድ ሰርዞ እንደገና መመዝገብ የግድ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ምስርና ገብሱ በተመሳሳይ መንገድ ተሞልተው እንደሆነ መፈተሽ ነው።

መለኪያ ብቻም አይደለም። በሐምሌ 1 የሚጀምረው የኢትዮጵያ በጀት ዓመት በፕሮግራሙ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ከተሞላ፣ የዓመቱ ትርፍ ለሁለት ይከፈላል። ከታክስ ነፃ በሆነ እቃ ላይ የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ኮድ ከተሰጠም እያንዳንዱ ደረሰኝ ስህተት ይሆናል።

ጉዳዩ የትንሹ ነጋዴ ብቻ አይምሰል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ ያለአግባብ የተንቀሳቀሰው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር መሆኑን አስታውቋል። ከለውጥ በፊት መሞከር፣ ከለውጥ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ግብይቶች በዓይን መከታተል ለትልቁም ለትንሹም ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተር የተሰጠውን ያባዛል እንጂ እውነቱን አይመረምርም። ነጋዴው በየገበያው ሚዛኑን በድንጋይ እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ የኮምፒዩተሩንም ሚዛን ሠራተኛውን ከመክሰሱ በፊት ይፈትሽ።