በብስኩት ውስጥ የተሸሸገው ዕፅ



በዚህ ዕትም የምንማማርበት ርእስ በጉባኤያችን እምብዛም የማይነሣ ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ ከሚጠበስ መክሰስ፣ ከብስኩት፣ ከቦምቦሊኖና ከዳቦ ቆሎ ጋር ተደባልቆ ስለሚበላው ካናቢስ ነው። ልጽፍበት የተነሣሁት አንብቤ ብቻ ሳይሆን በራሴ ስለ ደረሰ ነው።

1. የሆነው ነገር

ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ፍኖተ ሰላም በመጣሁ ጊዜ አብሮ አደጌ ከቡሬ መጣ። በላስቲክ የተቋጠረ ብስኩት ይዞ ነበር። ጓደኞቹ በተከራዩት ቤት እንደ ጠበሱትና ምን እንደ ጨመሩበት በጆሮዬ ነገረኝ። እኔ አንዲት ቀምሼ መረረኝና ተውሁ። እሱ ሁለት በላ። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቆ «ምንም የለውም፤ አታለውኛል» እያለ ሦስት ጨመረበት።

ማታ በ2 ሰዓት ገደማ ልቡ ይደልቅ ጀመር። «ልሞት ነው፤ ያዙኝ» እያለ ይጮህ፣ ከዚያም ደንዝዞ ግድግዳ ግድግዳውን ይመለከት ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ዐይነ ጥላ ነው» አለ፤ ሌላው «ቡዳ በልቶት ነው» አለ። እናቱ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። ምን እንደ በላ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ግን «የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ» የሚለው ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም አልሁ።

በመጨረሻ የነፍስ አባታቸው ተጠርተው መጡ። ጸሎት አድርሰው ጠበል ከረጩት በኋላ ግንባሩን ዳሰሱና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ከአንተ ጋር ነው የዋለው፤ ምን በላችሁ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። «ጠበሉ የትም አይሄድም። አሁን ሐኪም ይየው። ለእኔ የነገርኸኝን ለሐኪሙም ሳትደብቅ ንገር» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ባለሙያዋ ምን እንደ በላ፣ ምን ያህልና በስንት ሰዓት እንደ በላ ጠየቀችኝ፤ የተረፈውንም ብስኩት ተቀበለችኝ። እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን ሲጠብቁት ቆይተው ዳነ። እናቱ አልረገሙኝም። «ሌሊቱን አጠገቤ ቆመህ ነበርኮ» ብቻ አሉኝ። እስከ ዛሬ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም።

2. ሲበላ ለምን ይለያል?

ካናቢስ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ቫን ደር መርዌ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጥናት፣ ከጣና ሐይቅ አካባቢ በበጌምድር ላሊበላ ከሚባል ዋሻ በተገኙ ሁለት የጋያ ራሶች ላይ የካናቢስ ቅሪት መታየቱን ገልጸዋል። ዕድሜያቸውም ከ600 ዓመት በላይ ነው። (ዋሻው ስመ ሞክሼ እንጂ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ አይደለም።) እንግዲህ የጥንቱ ሰው በጋያ ሲያጨሰው የነበረውን ነው የዛሬው ወጣት በብስኩት የሚበላው።

የዕፁ ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሜሹላምና ጋኦኒ የተባሉ ሁለት የእስራኤል ሳይንቲስቶች ለይተው አውጥተውታል። ይህ ንጥረ ነገር በውኃ አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል። የኑግ ይሁን ሌላ፣ ዘይት ባለበት መክሰስ ውስጥ በቀላሉ የሚሸሸገውም ስለዚህ ነው።

የሚጨስ ካናቢስ በሳንባ አልፎ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ራስን ይይዛል፤ አጫሹም መስከሩን ያውቃል። የተበላው ግን በሆድ አልፎ ጉበት ይደርሳል። ጉበትም ወደ ሌላ፣ እንዲያውም ይበልጥ ብርቱ ወደ ሆነ ቅመም ይለውጠዋል። ስለዚህ ስሜቱ የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። የሚበረታው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ አንዳንዴ እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ጓደኛዬ «ምንም የለውም» ያለው ገና መንገድ ላይ የነበረውን ነገር ነው። ከዚህም በላይ በቤት የተጠበሰ ብስኩት መጠን የለውም፤ ከአንድ ሊጥ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ከባድ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

3. የዴንቨሩ ተማሪ

በአሜሪካ የኮሎራዶ ክፍለ ሀገር ካናቢስ በሱቅ እንዲሸጥ ከፈቀደ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2014፣ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ በዴንቨር ከተማ ካናቢስ ያለበት ብስኩት በላ። ብስኩቱ ለስድስት ጊዜ የሚበቃ ነበር። ሻጩ እንደ ነገረው መጀመሪያ አንድ ስድስተኛውን ብቻ በላ። ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ጠብቆ ምንም ስላልተሰማው የቀረውን በሙሉ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ንግግሩና ጠባዩ ተለወጠ፤ ከአራተኛ ፎቅ ሰገነትም ዘሎ ሞተ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል መጽሔት ላይ ታትሟል። ልብ በሉ፤ መጠኑ ተለክቶ፣ ምክር ተሰጥቶበት በሱቅ የተሸጠው እንዲህ ካደረገ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ጓዳ በግምት የተጠበሰውማ እንዴት ይሆን?

4. ስሙም ያሳስታል

ካናቢስን አንዳንዶች «ዕፀ ፋሪስ» ይሉታል። በገጠራችን ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚጠራው በየአጥሩና በየፍግ ክምሩ ዳር የሚበቅለው፣ ነጭ የመለከት መሳይ አበባና እሾኻማ ፍሬ ያለው አስተናግር ነው። ይህ ፈጽሞ ሌላ ተክል ነው። ፍሬው አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዞች አሉት፤ አፍ ያደርቃል፣ የዐይን ብሌን ያሰፋል፣ ገላን ያግላል፣ ሰውን ያስቃዣል፣ ይገድላልም። «አእምሮ ይከፍታል» ተብሎ በትምህርት ስም የሚቀመስ ዕፅም በብዙ ሰው ላይ ጉዳት አድርሷል። እንግዲህ «ዕፀ ፋሪስ ነው» ተብሎ የተሰጠን ነገር የቱ እንደሆነ በምን እናውቃለን?

5. ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማብቀልን፣ ማዘጋጀትንና ማዘዋወርን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራትና በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል። ስለዚህ ጠብሶ ለጓደኛ ማቅረብ «ቀልድ ነበር» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ለማያውቅ ሰው ደብቆ ማብላት ደግሞ ከሕጉም በፊት በወንድም ላይ የሚፈጸም ክሕደት ነው።

6. ምን እናድርግ?

ሀ. ማን እንደ ጠበሰው፣ ምን እንደ ገባበት የማናውቀውን አንብላ። ለሕፃናትማ በፍጹም አንስጥ፤ ለእነርሱ ትንሿም ትበዛለች።

ለ. የበላ ሰው ከታመመ ብቻውን አንተወው። አረቄ ወይም ሌላ መድኃኒት አንጨምርበት። ራሱን ከሳተ በጎኑ እናስተኛው፤ በአፉ ምንም አንስጠው፤ ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ሐ. የበላውን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ለባለሙያው እንናገር። የተረፈ ካለ ይዘን እንሂድ።

መ. ጠበልና ሕክምና አይጣሉም። የሚጣሉት እውነትና መደበቅ ናቸው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ሲያውቁ ነው።

ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። እኔ በዚያች ሌሊት በዚያው ከተማ ቆሜ መንገዱን ሦስት ሰዓት ዘግቼው ነበር። እናንተ ግን እንደ እኔ አትዘግዩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የተበላ ካናቢስ ከሚጨሰው ይልቅ በላተኛውን የሚያታልለው ለምንድን ነው?
2. ካናቢስና አስተናግር በምን ይለያያሉ?
3. በጸሐፊው ቦታ ብትሆኑ ምን ያስፈራችሁ ነበር? ያን ፍርሃት እንዲቀንስ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ምን ሊያደርግ ይችላል?