ዘመቻው ካለፈ በኋላ እጁን የሚታጠበው ማን ነው?

የኮሮና በሽታ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየሱቁ፣ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመላቸው በርሜሎችና ጀሪካኖች ቆመው እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ዘበኛው «ታጠብ!» ሳይል የሚያስገባው ሰው አልነበረም። ታዲያ ብዙም ሳይቆይ በርሜሉ ደረቀ፣ ሳሙናውም ጠፋ። ሰዉ የእጅ መታጠብን ጥቅም ረስቶ ነው እንዳንል፣ ዛሬም ቢጠየቅ አንድ በአንድ ይዘረዝርልናል። የከሰመው ዕውቀቱ ሳይሆን የመጀመሪያው ሞቅታ ነው።

ይህ ነገር እኛን ዕጩ መምህራንን በቀጥታ ይመለከተናል። በየትምህርት ቤቱ ጥቅምት 5 ቀን የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን ሲከበር መፈክሩም መዝሙሩም ይደምቃል፤ በኅዳርስ? ተቅማጥ የሚያስከትሉ ጀርሞች የበዓል ቀን አይጠብቁም። ትራኮማም፣ ማለትም የዓይን ማዝ፣ እንዲሁ ነው። በሽታው ከዓይንና ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ጠባሳ ያበጅና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል፤ መጨረሻው ዓይነ ስውርነት ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛው የትራኮማ ሸክም ያለው በአገራችን በመሆኑ፣ ፊትን አዘውትሮ መታጠብ ለኛ የቁንጅና ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ልማድ የሚጸናው እንዴት ነው? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1899 ለመምህራን ባሳተመው መጽሐፍ፣ አዲስ ልማድ ሥር እስኪሰድ ድረስ አንድም ቀን መታለፍ የለበትም የሚል ምክር ሰጥቷል። በየሥልጠናው ደግሞ «ልማድ በ21 ቀን ይሠራል» ሲባል እንሰማለን። የዚህ አባባል መነሻ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው መጽሐፍ ነው። ሰውየው የታዘበው ግን ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ያህል እንደሚፈጅባቸው ነበር፤ ስለ እጅ መታጠብ የተናገረው ነገር የለም።

ፊሊፓ ላሊና የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረጉት ጥናት የተሻለ ፍንጭ ይሰጠናል። 96 ፈቃደኞች ለ12 ሳምንታት አንድ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላትን ወይም ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥን እንዲለማመዱ ተደረገ። ድርጊቱ ያለ ብዙ ማሰብ የሚፈጸም እስኪሆን የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ በግምት ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለሉም ብዙ ጉዳት አላስከተለም። በዚህ ነጥብ እኛ ከጄምስ ይልቅ ከላሊ ጋር ነን። አንድ ቀን ያመለጠውን ልጅ «አበላሸኸው» ብንለው በማግስቱም ይተወዋላ!

ከሁሉ ይበልጥ የገረመን ግን በባንግላዴሽ ገጠር በሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ንግግር አላደረጉም፤ ስለ ጀርምም አላስተማሩም። ከመጸዳጃው እስከ መታጠቢያው ድረስ መንገዱን በደማቅ ቀለም ቀቡት፤ በላዩ ላይ የእግር ዱካ፣ በመታጠቢያው ላይ ደግሞ የእጅ ምስል ሳሉ። ቀድሞ ከመጸዳጃ ሲወጡ በሳሙና የሚታጠቡት ልጆች ከመቶ 4 ብቻ ነበሩ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ከመቶ 74 ሆኑ። ልጁን የመራው ምክር ሳይሆን እግሩ ሥር ያለው ምልክት ነው። እኛ መምህራን ንግግር እንወዳለንና (ይህንንም በግድግዳ ላይ እየጻፍን መሆናችን ሳይዘነጋ) ነገሩ ሊቆረቁረን ይገባል።

ለኛ ትምህርት ቤቶች ውድ ነገር አያስፈልግም። ጀሪካኑ በእግር በሚረገጥ ገመድ ታስሮ ከመጸዳጃው በር አጠገብ ይንጠልጠል፤ ርቆ የተቀመጠ እንደሆነ ልጁ ወደ ኳሱ ይሮጣል። ደረቅ ሳሙና የሚጠፋ ከሆነ ዱቄት ሳሙና በሃይላንድ ውኃ በጥብጦ፣ ክዳኑን በስቶ ማሰር ይቻላል። ፊት መታጠብን ከጠዋቱ ሰልፍ ጋር ማያያዝ ይበጃል፤ ሰልፉ በየቀኑ ስላለ ማስታወሻው ራሱ ሰልፉ ነው። ፊቱን ሳይታጠብ የመጣውን ልጅ ግን በሰው ፊት ማሳፈር አይገባም። እናቱ ውኃ የምትቀዳው ሩቅ ሄዳ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እዚያው ይታጠብ። ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ሲከፈት ደግሞ እንደ አዲስ መጀመር የግድ ነው።

ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ርዕሰ መምህሩን «መታጠቢያ አላችሁ ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ጀሪካኑን ሰኞ ጠዋት የሚሞላው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የክፍል አለቆች በየሳምንቱ ቢፈራረቁ ሥራው በአንድ ሰው ላይ አይወድቅም። ውኃ በአህያ የሚመጣበት ቦታ ከሆነም ቀዳዳው ይጥበብ፤ ቀጭን የሚወርድ ጀሪካን የብዙ ልጆችን እጅ ያዳርሳል።