ከብት፣ ሣርና አፈር፦ ግጦሽ በንጥረ ነገሮች ዑደት ላይ ያለው ሚና

በክረምት መውጫ በአንድ የግጦሽ መስክ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው ሣሩ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያስተውላል። አብዛኛው መስክ ተግጦ አጭርና ፈዘዝ ያለ ሆኖ ሳለ፣ እዚህም እዚያም ረዘም ያለና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሣር የበቀለባቸው ክብ ክብ ቦታዎች ይታያሉ። ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በመካከላቸው እበት ይገኛል፣ ወይም ከሳምንታት በፊት ከብት የሸናበት ቦታ ነው። ይህ ተራ መስሎ የሚታይ ነገር አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። ለመሆኑ ከብት መስኩን በመጋጡ አፈሩን ያደኸያል ወይስ ያበለጽጋል? በዚህ ጽሑፍ እንደምንመለከተው፣ መልሱን በዋነኛነት የሚወስነው ከብቱ የበላው ነገር ተመልሶ የሚወድቅበት ቦታ ነው።

ከብት የሌለበት ዑደት

ዕፅዋት ለእድገታቸው ከአፈር ከሚወስዷቸው ንጥረ ነገሮች መካከል ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ዋነኞቹ ናቸው። በአፈር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው በብስባሽ ውስጥ ታስሮ የሚገኝ በመሆኑ ሥሮች በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም። በመጀመሪያ ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና ሌሎች ደቂቅ ዘአካላት ብስባሹን ሰባብረው ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒየምና ወደ ናይትሬት መለወጥ አለባቸው።

ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል። በተለይ በበጋ የደረቀ ሣር አሰር የበዛበትና ናይትሮጅን ያነሰበት ነው። እንዲህ ያለውን ሣር የሚያበሰብሱ ደቂቅ ዘአካላት ለገዛ አካላቸው መሥሪያ የሚያስፈልጋቸውን ናይትሮጅን ከሣሩ ስለማያገኙ ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ በዚህም ለጊዜው ከዕፅዋቱ ጋር ይሻማሉ። ስለዚህ በአንድ ዓመት የበቀለ ሣር የያዘው ናይትሮጅን ለሌላ ሣር ሲሳይ እስኪሆን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

በጨጓራ በኩል ያለው አቋራጭ

የሚያመሰኩ እንስሳት ይህንን መንገድ ያሳጥሩታል። የላም ጨጓራ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ያለው፣ እርጥበት የማይለየውና በደቂቅ ዘአካላት የተሞላ ጎተራ ነው። በደረቅ አፈር ላይ ወራት የሚፈጀው የሣር መፍረስ በዚያ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይከናወናል። ከብቱ ከሚመገበው ናይትሮጅን ለሥጋውና ለወተቱ የሚያስቀረው ጥቂቱን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 95 በመቶ የሚሆነውን በእበትና በሽንት መልሶ ያወጣዋል።

ይህ ፍጥነት በመስክ ጥናት ተረጋግጧል። በዩናይትድ ስቴትስ በሚገኘው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት በአጥር ተከልለው ትልልቅ እንስሳት ያልጋጧቸው ቦታዎች አሉ። ዳግላስ ፍራንክና ፒተር ግሮፍማን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ቦታዎች የዱር እንስሳት ከሚጋጧቸው አጎራባች መስኮች ጋር አነጻጽረው፣ በተጋጠው አፈር ውስጥ ለዕፅዋት ዝግጁ የሚሆነው ናይትሮጅን የሚለቀቅበት ፍጥነት በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አግኝተዋል።

ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ከብት ፎስፈረስንም ሆነ ናይትሮጅንን ከምንም አይፈጥርም። ከሣሩ የወሰደውን መልክ ለውጦ መመለስ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ማጓጓዝ ብቻ ነው የሚችለው።

እበትና ሽንት አንድ አይደሉም

ፎስፈረስ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚወጣው በእበት ሲሆን፣ ፖታሲየም ግን በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። ናይትሮጅን በሁለቱም ይወጣል፤ ከብቱ የለመለመና በፕሮቲን የበለጸገ ሣር ሲመገብ በሽንት የሚወጣው ድርሻ ይጨምራል።

በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ዩሪያ ነው፤ ይኸውም ገበሬው በከረጢት ገዝቶ በማሳው ላይ ከሚበትነው ማዳበሪያ ጋር አንድ ዓይነት ውህድ ነው። ሽንቱ አፈር ላይ እንደወደቀ በአፈሩ ውስጥ ያለ ዩሪየስ የተባለ ኢንዛይም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። ነገር ግን በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ የፈሰሰውን ናይትሮጅን ሣሩ ሁሉንም ሊጠቀምበት አይችልም። ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ከፊሉም ወደ ናይትሬት ተለውጦ በዝናብ ታጥቦ ወደ ታች ይሰርጋል። ጥቂቱ ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ሆኖ ይወጣል።

እበት በአንጻሩ ቀስ ብሎ የሚሰጥ ማዳበሪያ ነው። ይህን ሥራ በእጅጉ የሚያፋጥኑት እበትን ሰባብረው ወደ አፈር የሚቀብሩ ጢንዚዛዎች ናቸው። የእነርሱ ጥቅም ጎልቶ የታየው በሌሉበት አገር ነው። በአውስትራሊያ የነበሩት ጢንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮና የመሰሎቹን ደረቅና ጥቃቅን ፋንድያ ስለነበር፣ ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር የመጣውን የከብት እበት በሚገባ ሊያነሡት አልቻሉም። እበቱ በየመስኩ ደርቆ እየተከማቸ ሣሩን ይሸፍን፣ ለዝንብም መራቢያ ይሆን ነበር። በመሆኑም በጆርጅ ቦርኔሚሳ አነሣሽነት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአፍሪካና ከሌሎች አካባቢዎች ጢንዚዛዎች ተወስደው በዚያ አገር እንዲራቡ ተደርጓል።

ከመስክ ወደ በረት

እስካሁን ያየነው ከብቱ የበላውን እዚያው መስኩ ላይ እንደሚመልስ በማሰብ ነው። በአገራችን ግን ከብት ቀን በመስክ ውሎ ማታ ወደ በረት ይገባል። ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በቀላል ስሌት እንመልከት። አንድ በሬ በቀን 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሣር (እርጥበቱ ሳይቆጠር) ይመገባል፤ የሣሩም ናይትሮጅን 1.5 በመቶ ነው እንበል። እንግዲያው በቀን 90 ግራም ናይትሮጅን ይወስዳል። ከዚህ 9 ግራሙን ለአካሉ ቢያስቀር 81 ግራም ይመልሳል፤ ይህም በዓመት ወደ 30 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ግማሹ ሌሊት በበረት የሚወድቅ ከሆነ፣ አንድ በሬ በዓመት 15 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ከመስኩ ወደ በረቱ አጓጓዘ ማለት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ይህ በ33 ኪሎ ግራም ገደማ ዩሪያ ውስጥ ካለው ጋር ይተካከላል።

እንዲህ የተጓጓዘ ንጥረ ነገር በቀላሉ አይጠፋም። በደቡብ ምዕራብ ኬንያ ከ3,700 እስከ 1,550 ዓመታት በፊት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሳደሩባቸው ቦታዎች ዛሬም በዙሪያቸው ካለው መሬት ይልቅ በፎስፈረስ፣ በካልሲየምና በማግኒዚየም የበለጸጉ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት አሳይቷል። በረቶቹ ከጠፉ በኋላ የለመለመ ሣር የሚበቅልባቸው ገላጣ ስፍራዎች ሆነው ቀርተዋል። የዱር እንስሳትም በዚያ እየጋጡና ፋንድያቸውን እየጣሉ የአፈሩን ልማት አቆይተውታል።

እበቱ ኩበት ሲሆን

በሰሜንና በማዕከላዊው የኢትዮጵያ ደጋ ግን ዑደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከበረቱ ወደ ምድጃው ይሄዳል። ደኑ በተመናመነበት አካባቢ እበት ተጠፍጥፎና ደርቆ ኩበት ይሆናል። እንጀራ የሚጋገርበትና ወጥ የሚሠራበት እርሱ ነው፤ ተሸጦም ጨውና ዘይት ይገዛበታል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል፤ አፈሩን አልምቶ እርጥበት እንዲይዝ ሊያደርግ ይችል የነበረው ካርቦንም እንዲሁ ተቃጥሎ ይሄዳል። ፎስፈረስና ፖታሲየም በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ ነገር ግን አመዱ ከጓሮ አልፎ ወደ ራቀው ማሳና ወደ ግጦሹ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው።

ለዚህ ኩበት የምትጠፈጥፈውን እናት መውቀስ ተገቢ አይደለም። ማገዶ ዛሬ ማታ ያስፈልጋታል፤ የአፈሩ ጥቅም ግን የሚገኘው ከመከሩ በኋላ ነው። ስለሆነም እበትን ወደ መሬት ለመመለስ መጀመሪያ ምድጃው ሌላ ማገዶ ማግኘት አለበት። በማሳ ድንበር ላይ ዛፍ መትከልና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም ለአፈር ለምነትም የሚበጁት በዚህ ምክንያት ነው። ባዮጋዝ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል፤ ጋዙ ለማብሰያ ሲውል፣ ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ አብዛኛውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንደያዘ ወደ ማሳ ሊመለስ ይችላል። በምዕራብ ኢትዮጵያ በረትን በየጊዜው እያዘዋወሩ ከብትን በማሳ ላይ የማሳደር ነባር ልማድም አለ፤ በዚህ ዘዴ ሽንቱም ሳይባክን በቀጥታ አፈር ውስጥ ይገባል።

መጠንና ዕረፍት

ግጦሽ ዑደቱን የሚያፋጥነው በልክ ሲሆን ነው። ከብት ሲበዛና መሬቱ ዕረፍት ሲያጣ ሣሩ ለሥሩ የሚያስቀምጠው ምግብ ያልቃል፤ አፈሩ በኮቴ ተጠቅጥቆ ውኃ አላስገባ ይላል። ከዚያ በኋላ ጎርፍ የላይኛውን አፈር ከነብስባሹ ጠርጎ ይወስዳል። በተጨማሪም ከብት ጣፋጩን ሣር እየመረጠ ሲጨርስ የማይበላው ዕፅ ይስፋፋል፤ እርሱም በአብዛኛው ጠንካራና ለመበስበስ የዘገየ በመሆኑ ዑደቱ መልሶ ይጎተታል።

አባቶች ይህንን ያውቁ ነበር። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የጓሳ መሬት በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ተከልሎ ይቆይና በስምምነት ይከፈት ነበር። ይህ ሥርዓት የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ቢቋረጥም፣ ዛሬ የጓሳ መሬት በማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነት ይጠበቃል።

ማጠቃለያ

ከብት በራሱ የአፈር ጠላትም ወዳጅም አይደለም። የበላውን በመስኩ ላይ ሲመልስ ዑደቱን ያፋጥናል፤ ወደ በረት ሲያጓጉዝ አንዱን ቦታ አደህይቶ ሌላውን ያበለጽጋል፤ እበቱ ሲነድ ደግሞ ዑደቱ ይበጠሳል። አንባቢ ይህን በዓይኑ ማረጋገጥ ቢሻ፣ በክረምት ከብት የሸናበትን ቦታ በችካል ምልክት አድርጎ፣ እርሱንና ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ያለ ሌላ ቦታ በእሾህ ይጠር። ከአንድ ወር በኋላ ከሁለቱም እኩል ስፋት አጭዶ፣ ሣሩን አድርቆ ይመዝን። በሁለቱ ሚዛኖች መካከል የሚያገኘው ልዩነት በየዕለቱ ከመስኩ ወደ በረት፣ ከበረትም ወደ ምድጃ ምን ያህል ሀብት እንደሚጓዝ ይነግረዋል።