አንድ የዘረ መል ስሕተት፣ ሁለት መድኃኒት

ካንሰር የሚለው ስም ብዙ የተለያዩ በሽታዎችን ያቅፋል። በዚህ ጽሑፍ መንስኤው በዘረ መል ደረጃ የታወቀውን አኪዩት ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ የተባለ የደም ካንሰር እንመለከታለን።

በዚህ በሽታ 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞሞች ተሰብረው ቁራጮቻቸውን ይለዋወጣሉ። በዚህም ፒኤምኤል እና ራራ የተባሉ ሁለት ጂኖች ተጣምረው ባዕድ ፕሮቲን ያስገኛሉ። ፕሮቲኑ ነጭ የደም ሴሎች ሳይበስሉ በለጋነታቸው እንዲቀሩ ያደርጋል። የደም መርጋት ሥርዓትም ስለሚናጋ ታማሚው በመድማት በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

የቫይታሚን ኤ ዘመድ የሆነው ኤትራ የፕሮቲኑን የራራ ክፍል ይይዛል፤ አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ ደግሞ የፒኤምኤሉን። ሁለቱም ፕሮቲኑን ያፈርሳሉ። ታዲያ በአንድነት ቢሰጡስ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለወባ የአርቴሜተርና የሉሜፋንትሪንን ጥምረት ስትመርጥ መነሻው ተመሳሳይ ነበር፤ ከአንዱ ያመለጠ በሌላው ይመታል።

ይሁን እንጂ መላ ምት ማስረጃ አይደለም፤ ጥምረቱ ጉዳትንም ሊያጣምር ይችላል። ስለዚህ ታማሚዎች በዕጣ ተመድበው ይነጻጸራሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነው የሻንጋይ ጥናት 61 ታማሚዎች በሦስት ተከፈሉ። በአማካይ ከ18 ወር ክትትል በኋላ፣ አንዱን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 37 ሰዎች በ7ቱ ላይ በሽታው አገረሸ፤ ጥምረቱን ከወሰዱት 20 ሰዎች ግን በአንዱም ላይ አላገረሸም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጣሊያንና የጀርመን ተመራማሪዎች ጥምረቱን ከኤትራና ኬሞቴራፒ ጋር አነጻጸሩ። ሁለት ዓመት ያለ ችግር የዘለቁት በጥምረቱ 97 ከመቶ፣ በሌላው 86 ከመቶ ሆኑ። ጥናቱ ግን ከፍተኛ አደጋ ያለባቸውን ታማሚዎች አላካተተም፤ በጥምረቱ የጉበት መታወክም በርክቶ ታይቷል። ውጤትን ከነወሰኑ ማንበብ ይገባል።

በአገራችን ዒላማ ያለው ሕክምና እንግዳ አይደለም፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሌላ የደም ካንሰር፣ ለክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ፣ ኢማቲኒብ ሲሰጥ ቆይቷል። ነገር ግን ዒላማ የሚመታው ዒላማው ሲታወቅ ነው። በቁስቋም የሚኖር ተማሪ ድዱ ያለ ምክንያት ቢደማ፣ ሰውነቱም ሳይመታ ቢበልዝ፣ በዕለቱ ሊመረመር ይገባዋል። የደም ናሙናው በማይክሮስኮፕ ታይቶ በሽታው ከተጠረጠረ፣ የጂን ምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ኤትራ ይጀመራል፤ ምርመራው ያረጋግጣል፣ ደሙ ግን አይጠብቅም።