ማስተርሱ በርቀት፣ ጥናቱ በወረዳዎ

አዲስ ቅዳም ተቀምጠው በገጠር ልማትና በድህነት ቅነሳ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ያሰቡ የግብርና ባለሙያ ከሆኑ፣ ትልቁ ሀብትዎ ከሚያጠኑት ገበሬ ጋር ዓመቱን ሙሉ መኖርዎ ነው። በእሱ የሚጠቀሙት ግን አስቀድመው ከተሰናዱ ነው።

ከመመዝገብዎ በፊት ሁለት ቦታ ይጠይቁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን፦ ፕሮግራሙ በርቀት፣ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ፣ በሚመዘገቡበት ማዕከል ፈቃድ አለው? የመሥሪያ ቤትዎን የሰው ሀብት ክፍል ደግሞ፦ ዲግሪው ካሉበት የሥራ መደብ ጋር ይዛመዳል? መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ቀጥሎ የሥራ ዓመትዎን ይዩ። ጥርና የካቲት የተፋሰስ ዘመቻ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ደግሞ የማዳበሪያና የዘር ሩጫ። በእነዚህ ወራት ፈተናም ሆነ ከባድ አሳይመንት እንዳይደራረብብዎ ኮርሱን አሳንሰው ይመዝገቡ። ሞጁሉን አስቀድመው አውርደው ያትሙ፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም።

ሞጁሉ ከውጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ከህንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር በሰጠው የገጠር ልማት ማስተርስ፣ ምሳሌው የሚበዛው ከህንድ ነበር። እንዲህ ያለውን ከአገርዎ ጋር እያነጻጸሩ ያንብቡ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ለገጠር ቤተሰብ በዓመት የ100 ቀን ሥራ በሕግ ዋስትና ሰጠች። በዚያው ዓመት የተጀመረው የእኛ ሴፍቲኔት ግን የምግብ እጥረት የሚደጋገምባቸውን ወረዳዎች መርጦ ነው የገባው። መብት ሆኖ የሚጠየቅ ሥራና በምልመላ የሚገኝ እርዳታ ምን እንደሚለያያቸው መጻፍ ራሱ ጥሩ አሳይመንት ነው።

ለመመረቂያ ጥናትዎ፣ አዲስ ቅዳም በምትገኝበት በፋግታ ለኮማ ወረዳ ለከሰል ከሚተከለው የግራር ዓይነት፣ ከዲከረንስ፣ የቀረበ ርዕስ የለም። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ቀጥሎ ከዛፉ ሥር ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ገደማ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ገንዘቡ የሚመጣው በአንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ መጠይቅ ይዞ አንድ ቀን የሚመጣ አጥኚ፣ ዛፉ ገና ያልደረሰለትን ደሃ፣ ትናንት ከሰል የሸጠውን ባለጸጋ ብሎ ይመዘግባል። ሁለቱ ግን በኑሮ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ።

እርስዎ ጥቂት ቤተሰቦችን በየወቅቱ ደጋግመው መጠየቅ ይችላሉ። ገቢን ብቻ አይቁጠሩ፤ ምን እንደበሉ፣ ምን እንደተበደሩ፣ ከብት ሸጠው እንደሆነም ይጠይቁ። መሬት የሌለውን ወጣት፣ በቀን ሥራ የሚያከስለውንና የሚጭነውን፣ እንዲሁም እማወራን ያካትቱ። ዛፉን የሚያጠቃው የዝገት በሽታ ሲመታ ቀድሞ የሚጎዳው ማን እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ማዳበሪያ የሚያከፋፍል ባለሙያ ሲጠይቀው ገበሬ የሚመልሰው እንደሚያስፈልገው ነው። ስለዚህ በሚሠሩበት ቀበሌ ሳይሆን በሌላ ቀበሌ ያጥኑ፤ ፈቃድ ይጠይቁ፤ መልሱ ከአገልግሎት ጋር እንደማይገናኝ በግልጽ ይንገሩ።

አማካሪዎ «ናሙናው አነሰ» ሊሉ ይችላሉ። ጥናቱ የወረዳውን ድሆች ብዛት ለመገመት እንዳልሆነ፣ አንድ ቤተሰብ ከወቅት ወደ ወቅት እንዴት ወደ ድህነት እንደሚገባና እንደሚወጣ ለማየት እንደሆነ በፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ።