የቧንቧ ውሃችንና «ፒፋስ» የሚባለው ኬሚካል፦ ምርመራው እንዴት ይደረጋል?



በሐደራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ስትመርጡ «የቧንቧው ውሃ ተበክሏል፣ ካንሰር ያመጣል» የሚል ወሬ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ወሬውን ሰምቶ ለልጆቹ ከቧንቧ መቅዳት ያቆመ አለ። በውሃ ፋንታ ጣፋጭ መጠጥ የሚገዛም አለ። ሌላው ደግሞ በር ላይ ለመጣ ሻጭ ብዙ ሺህ ሸቀል የሚያወጣ ማጣሪያ በየወሩ ሊከፍል ይፈርማል። በዚህ ትምህርታችን ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ውሃው እንዴት እንደሚመረመርና እኛ ምን ማድረግ እንደምንችል እናስረዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒፋስ ምንድን ነው?

ፒፋስ በሺህ የሚቆጠሩ ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች የጋራ መጠሪያ ነው። በሁሉም ውስጥ ካርቦንና ፍሎሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አጥብቀው ተያይዘዋል። ማሰሪያው ጠንካራ ስለሆነ ፀሐይም ሆነ በአፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን በቀላሉ አይፈቱትም። በ1938 በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሮይ ፕላንኬት የተባለ ኬሚስት ሳያስበው ያገኘው ቴፍሎን ከዚህ ቤተሰብ ነው። ከዚያ ወዲህ ምግብ በማይጣበቅበት መጥበሻ፣ ዝናብ በማያስገባ ልብስ፣ በምንጣፍና በምግብ መጠቅለያ ወረቀት ውስጥ ገባ። ለውሃ በጣም የከፋው ግን የነዳጅ እሳት የሚያጠፋው አረፋ ነው። አረፋው በአውሮፕላን ማረፊያና በነዳጅ ማከማቻ ሲረጭ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከመሬትም ወደ ጉድጓድ ውሃ ይደርሳል። በእስራኤልም ምርመራ ሲደረግ ኬሚካሉ በአንዳንድ ጉድጓዶች ተገኝቷል።

ይህን ከፍሎራይድ ጋር የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው። በኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ አይታችሁ ይሆናል። ያ የሚመጣው በተፈጥሮ ከመሬት የሚወጣ ፍሎራይድ በውሃው ውስጥ ሲበዛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በእስራኤልም ለጥርስ ጥበቃ ተብሎ ፍሎራይድ በቧንቧ ውሃ ላይ ይጨመር ነበር፤ ግዴታው በ2014 ቀረ። ፒፋስ የሚለካው ግን በናኖግራም ነው። አንድ ሚሊግራም አንድ ሚሊዮን ናኖግራም ነውና ልዩነቱን ከዚህ ተረዱት።

ምን ያህል ይጎዳል?

ብዙ የተማርነው በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በፓርከርስበርግ ከተማ አካባቢ ከደረሰው ነገር ነው። በዚያ የነበረ የዱፖንት ፋብሪካ ፒፎኣ የተባለውን የፒፋስ ዓይነት ለብዙ ዓመታት ወደ አካባቢው ለቀቀ። በፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ወደ 69,000 የሚጠጉ ሰዎች ተመረመሩ። በ2012 ሥራቸውን የጨረሱት ሳይንቲስቶች ኬሚካሉ ከ6 ሕመሞች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ደመደሙ፦ የኩላሊት ካንሰር፣ የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ የደም ግፊትና ከፍተኛ ኮሌስትሮል። በ2023 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፒፎኣን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መደበው። በልጆች ላይ ደግሞ ከክትባት በኋላ የሚፈጠረው የመከላከያ ኃይል እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል።

ይህ ማለት አንድ ብርጭቆ የጠጣ ይታመማል ማለት አይደለም። ጉዳቱ ያለው በመጠራቀሙ ላይ ነው። ከደም ውስጥ ግማሹ ብቻ ለመውጣት እንኳ ዓመታት ይፈጃል።

ከጣና ዙሪያ የመጣችሁ ስለ አገራችሁ ውሃ ትጠይቁ ይሆናል። በ2016 የታተመ ጥናት የጣና ሐይቅን ውሃ፣ ደለልና ዓሣ መርምሮ ፒፋስ አግኝቷል፤ መጠኑ ግን አነስተኛ ነበር። ፋብሪካ ባልበዛበት ሐይቅ ውስጥ እንኳ መገኘቱ ኬሚካሉ ምን ያህል እንደሚጓዝ ያሳያል።

ምርመራው

ይህን ኬሚካል ዓይን አያየውም፤ ጣዕምም ሽታም የለውም። በሊትር 1 ናኖግራም ማለት አንዲት ጠብታ በ20 የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳዎች ውስጥ እንደመጣል ነው። ስለሆነም ውድ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። የውሃውን ናሙና አወሳሰድም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ናሙና የሚወስደው ሰው እጁን ታጥቦ ጓንት ያደርጋል፤ ውሃ የማያስገባ ጃኬት አይለብስም፤ ቅባት የማያሳልፍ የምግብ ወረቀትም አይነካም፤ እነዚህ ራሳቸው ፒፋስ ሊኖራቸው ይችላልና። ቧንቧው ተከፍቶ ለ5 ደቂቃ ያህል ይፈስሳል። ከዚያ ላቦራቶሪው በሰጠው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል፤ ክዳኑ ቴፍሎን ያለበት መሆን የለበትም። ጠርሙሱ በቅዝቃዜ ተይዞ ይላካል። ከጎኑም ንጹሕ ውሃ የያዘ ሌላ ጠርሙስ አብሮ ይሄዳል፤ በዚህኛው ውስጥ ፒፋስ ከተገኘ የተበከለው በአያያዝ ነው ማለት ነው። በቤታችሁ የማርማላታ ጠርሙስ ቀድታችሁ ብትወስዱ ውጤቱ አይታመንም።

አሁን ወደ ሻጩ እንመለስ። እንደ እስክርቢቶ ያለች መለኪያ ውሃው ውስጥ ይነክርና «ቁጥሩን ተመልከቱ፣ 300 አለ!» ይላል። ያቺ መለኪያ የምትቆጥረው በውሃ ውስጥ የሟሙ ጨዎችን፣ እንደ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሉትን ነው። ፒፋስን ጨርሶ አታይም። ሌላው ደግሞ ሁለት የብረት ዘንጎች ውሃው ውስጥ አስገብቶ ኤሌክትሪክ ይለቅበትና ውሃው ቡናማ ሲሆን «ይህን ነው ልጆቻችሁ የሚጠጡት» ይላል። ቡናማው ከራሱ ከብረቱ የወጣ ዝገት ነው። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለውን ሰው ቡና ሳታፈሉለት ብትሸኙት ይሻላል።

የውጤት ወረቀት በእጃችሁ ከገባ መለኪያውን አስተውሉ። አሜሪካ በ2024 ለፒፎኣና ለፒፎስ፣ ለእያንዳንዳቸው በሊትር 4 ናኖግራም ወሰን አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የ20 ዓይነቶችን ድምር በሊትር 100 ናኖግራም አድርጎ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲሠራበት ወስኗል። ሁለቱ ቁጥሮች የተራራቁት አንዱ እያንዳንዱን፣ ሌላው ድምሩን ስለሚቆጥር ጭምር ነው። ስለዚህ «ከወሰኑ በታች ነው» ሲባል የየትኛው ወሰን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የሐደራ ሰው ሌላም ነገር ማወቅ አለበት። በባሕሩ ዳር ያለው የሐደራ ማጣሪያ ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ የባሕር ውሃ እያጣራ ወደ አገሪቱ የውሃ መስመር ያስገባል፤ በዓመት 127 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንዲያመርት ነው የተሠራው። ውሃው በከፍተኛ ግፊት በጣም ቀጭን ወንፊት ውስጥ ያልፋል፤ ይህ ዘዴ ጨውን እንደሚያስቀር ሁሉ ፒፋስንም በአብዛኛው ያስቀራል። ዋናው ጥያቄ የሚነሣው ከጉድጓድ በሚመጣው ውሃ ላይ ነው።

በቤታችን

ውሃ ማፍላት ከአገር ቤት የያዝነው መልካም ልማድ ነው፤ ጀርም ይገድላል። ፒፋስን ግን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተንን የቀረው እንዲያውም ይወፍራል። የታሸገ ውሃም ከፒፋስ ነጻ ለመሆኑ ዋስትና የለውም። ማጣሪያ የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት አለለት፦ በከሰል የሚሠራና እንደ ባሕር ውሃው በወንፊት የሚሠራ። ሁለተኛው የበለጠ ያስቀራል። ከሰሉ በጊዜው ካልተቀየረ ሥራውን ያቆማል። ከመግዛታችሁ በፊት ፒፋስን ስለመቀነሱ የተጻፈ የምርመራ ማረጋገጫ ጠይቁ።

የሚያጠቡ እናቶች በዚህ ምክንያት ጡት ማጥባት አያቁሙ፤ ጥቅሙ ይበልጣል። ለልጆችና የስኳር በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ውሃን በጣፋጭ መጠጥ መተካት ዛሬ ከምንፈራው ኬሚካል የቀረበ ጉዳት አለው። የማይጣበቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁም ባዶውን ለረጅም ጊዜ አታግሉት፤ ሽፋኑ ከተላጠ ቀይሩት።

በራሳችሁ ገንዘብ ከማስመርመራችሁ በፊት የከተማውን የውሃ ኩባንያ፣ ታጊድ ሃማይም የሚባለውን፣ ጠይቁ። የውሃ ጥራት ውጤቱን ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ለሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ከየት ነው? ምንጩ ለፒፋስ ተመርምሯል ወይ፣ መቼ? ቁጥሩስ ስንት ነው? ዕብራይስጡ የሚከብዳችሁ ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ ይላኩላችሁ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። መልስ ካጣችሁ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የስልክ መስመር *5400 ደውሉ።